የጌም ቪዲዮ መቅረጫና ማስተካከያ ሶፍትዌር፦ በእጃችሁ ላለው ኮምፒውተር የሚስማማውን መምረጥ

የጌም ቪዲዮ ለመሥራት ሁለት ሶፍትዌር ያስፈልጋል። አንዱ ስትጫወቱ ስክሪኑን ይቀርጻል፤ ሌላው የተቀረጸውን ይቆርጣል፣ ያስተካክላል። ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ፣ በዝናቸው እየመረጠ ይጭናል። ከዚያ መቅረጫው ያወጣውን ፋይል ማስተካከያው አልከፍትም ይላል፣ ወይም ላፕቶፑ መቅረጹን ችሎ ማስተካከሉ ላይ ቀጥ ይላል፤ የሳምንት ድካም ውሃ ይበላዋል። ሁለቱ መመረጥ ያለባቸው አንድ ላይ ነው፤ የምርጫውም መነሻ የሶፍትዌሩ ስም ሳይሆን የእናንተ ኮምፒውተር፣ የቤታችሁ መብራትና የምትገዙት ዳታ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የሚሰጡት ምክሮች አብዛኞቹ ውድ የግራፊክስ ካርድና የማይቋረጥ መብራት ላለው ሰው የተዘጋጁ ናቸው። ጅማ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው 8 ጊጋባይት ራም ባለው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። መብራት ሳይናገር ይሄዳል፤ ክረምቱም ረጅም ስለሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማይክ መክፈት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህ ሁኔታ ነው።

ለቸኮለ ሰው፦ ኦቢኤስ ስቱዲዮን ለመቅረጫ፣ ሾትከትን ለማስተካከያ ጫኑ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ በቪዲዮው ላይ የራሳቸውን ምልክት አይለጥፉም፣ ጊዜ አይገድቡም። ምክንያቱንና አስተካክሎ መጠቀሙን ማወቅ የሚፈልግ ይቀጥል።

ኮምፒውተሩ ምን ይችላል?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ መጠን፣ የዲስኩና የግራፊክስ ካርዱ ዓይነት ይታያል። ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 ብሎ ሁለት ካሳያችሁ ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ አለው ማለት ነው፦ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ሌላው ለብቻው የተገጠመ። ይህን ያዙት፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሚቀረጽበት ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ትልቁ ጥያቄ ቪዲዮውን የሚጨምቀው ማነው የሚለው ነው። በ1280 በ720 ስፋት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚሄድ ቪዲዮ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በየሰከንዱ 80 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ እዚያው በዚያው መጨመቅ አለበት። ሥራው በዋናው ፕሮሰሰር ከተሠራ ጌሙ የሚፈልገውን ጉልበት ይሻማል፤ ጌሙ መንተፋተፍ ይጀምራል። ለዚሁ ብቻ ተብሎ የተሠራ ክፍል ካለ ግን ጌሙ ብዙም አይነካም። የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ከ2ኛው ትውልድ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ፣ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ክፍል አላቸው። ኤንቪዲያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጡት ካርዶቹ አንሥቶ ኤንቬንክ የሚባለውን ያስገባል። ኤኤምዲም የራሱ አለው። ስለዚህ ደካማ የሚባል አይ5 ላፕቶፕ እንኳ ብዙ ጊዜ ለመቅረጽ የሚበቃ መሣሪያ በውስጡ ይዟል፤ ባለቤቱ ሳያበራው ነው የሚቀረው።

ራምን በተመለከተ፦ በ4 ጊጋባይት ቀላል ጌም ይቀረጻል፣ ማስተካከያው ግን ያንገዳግዳል። በ8 በሚገባ ይሠራል፣ ብሮውዘሩን ከዘጋችሁ። 16 ላለው ምርጫው ሰፊ ነው።

መቅረጫው

ምንም ሳትጭኑ መጀመር ከፈለጋችሁ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ጌም ባር የሚባል አለ። የዊንዶውስ ቁልፍንና ጂን ስትጫኑ ይከፈታል፤ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ አልትና አር ቀረጻውን ያስጀምራሉ፣ ያቆማሉ። ፋይሉ ቪዲዮስ ውስጥ ካፕቸርስ በሚባል ፎልደር ይቀመጣል። አንድ ክሊፕ ለጓደኛ ለመላክ በቂ ነው። ለቋሚ ሥራ ግን ሦስት ጉድለት አለበት። የጌሙንና የማይኩን ድምፅ ቀላቅሎ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ዴስክቶፑን ራሱን አይቀርጽም፤ የፍሬሙ ፍጥነት ደግሞ እንደ ኮምፒውተሩ ድካም ከፍና ዝቅ ይላል። ሦስተኛው ማስተካከያ ላይ ስትደርሱ ድምፁ ከምስሉ ቀስ በቀስ እንዲርቅ ያደርጋል፤ ከታች እንመለስበታለን።

የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው ከኩባንያው የሚመጣውን መቅረጫ መጠቀም ይችላል። አልትና ኤፍ9 ይቀርጻል፤ አልትና ኤፍ10 ያለፉትን ደቂቃዎች ብቻ ያስቀራል። ቀላል ነው፣ ጌሙን ብዙም አያዘገይም። ካርዱ የኤኤምዲ ከሆነም አድሬናሊን በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ ተመሳሳዩ አለ። የእነዚህ ደካማ ጎን ማስተካከል የሚቻለው ነገር ማነሱ ነው።

ባንዲካም ጥሩ ሶፍትዌር ነው፤ ነገር ግን ያልተከፈለበት ሲሆን ከ10 ደቂቃ በኋላ ያቆማል፣ ምልክትም ይለጥፋል። ፍራፕስን እስካሁን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚያዋውሉ አሉ። ከ2013 ወዲህ አልታደሰም፣ ነፃው 30 ሰከንድ ብቻ ይቀርጻል፣ ፋይሉም እጅግ ግዙፍ ነው። ጊዜው ስላለፈ ተዉት።

ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚመረጠው ሁሉንም ስለሚፈቅድ ነው፦ የማይኩን ድምፅ ለብቻ ማስቀመጥ፣ ቢትሬት (በየሰከንዱ የሚጻፈውን የዳታ መጠን) መወሰን፣ መብራት ቢሄድ የማይሞት ፋይል መጻፍ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ከ2022ቱ 28ኛ እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 7 እና 8ን አይደግፍም። ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ 7 ላይ ካለና መቀየር ካልቻላችሁ የመጨረሻው የሚሠራላችሁ እትም 27.2.4 ነው። ይህንኑም ከራሱ ከኦቢኤስ ይፋ ገጽ አውርዱ እንጂ ከማይታወቅ ሰው ፍላሽ አትቅዱ።

ኦቢኤስን ማስተካከል

መጀመሪያ ሲከፈት ራሱ ላስተካክል ብሎ ይጠይቃል። ለመቅረጽ ብቻ የሚለውን መርጣችሁ እለፉት፤ ከዚያ በእጅ ታርሙታላችሁ።

ሴቲንግስ ውስጥ ቪዲዮ የሚለውን ግቡ። ሁለት የስፋት ቁጥር አለ፦ ቤዝ ስክሪኑ የሚታይበት፣ አውትፑት ፋይሉ የሚጻፍበት። ብዙ ላፕቶፖች ስክሪናቸው 1366 በ768 ነው፤ ይህ ዩቲዩብ ላይ መደበኛ መጠን አይደለም። የሚሻለው ጌሙን ራሱን በ1280 በ720 ማስኬድና በኦቢኤስም ሁለቱን ቁጥሮች 1280 በ720 ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ምስሉን ማሳነስ ስለማያስፈልግ ጽሑፉ አይደበዝዝም፣ ግራፊክሱም አይጨናነቅም። ፍሬሙን 30 አድርጉት። እንደ ፔስና ፊፋ ኳስ በፍጥነት በሚሮጥበት ጌም 60 ዓይን ላይ በግልጽ ይለያል፤ ኮምፒውተሩ ከቻለ ብቻ ግን። በየቦታው የሚቆራረጥ 60 ፍሬም ካልተቆራረጠ 30 በብዙ ያንሳል። የጅማ አባ ጅፋርን ማሊያ ኤዲት ሞድ ላይ ሠርቶ የ2010 ዓ.ም. ዋንጫቸውን በፔስ መድገም የሚፈልግ ልጅ ከቁጥሩ ይልቅ የምስሉን አለመቆራረጥ ያስቀድም።

ቀጥሎ አውትፑት። ከላይ ያለውን ሲምፕል ወደ አድቫንስድ ቀይሩና ሪከርዲንግ የሚለውን ክፈቱ። ቪዲዮ ኢንኮደር (ቪዲዮውን የሚጨምቀው) ስትሉ የሚወጣው ዝርዝር የኮምፒውተራችሁን እውነተኛ አቅም ይነግራችኋል፦ ኤንቬንክ ካለ እሱን፣ ከሌለ ኩዊክ ሲንክን ወይም የኤኤምዲውን ምረጡ። ከእነዚህ አንዱም ካልታየ መጀመሪያ የግራፊክስ ድራይቨሩን አድሱ፤ በጣም ያረጀ ካርድን አዲሱ ኦቢኤስ ላያሳየው ይችላል። የቀረው ኤክስ264 ብቻ ከሆነ በፕሮሰሰሩ ትቀርጻላችሁ፤ ፕሪሴቱን (የአጨማመቁን የፍጥነት ደረጃ) ቬሪፋስት ላይ ጀምሩ፣ ጌሙ ከተንተፋተፈ ወደ ሱፐርፋስት ወይም አልትራፋስት ውረዱ። በፈጠነ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ይቀለዋል፣ ፋይሉ ግን በዚያው መጠን ጥራቱ ይቀንሳል።

ሬት ኮንትሮል ላይ ሲኪውፒ (ጥራቱን እኩል የሚይዝ) የሚል ካለ ምረጡና ቁጥሩን ከ20 እስከ 23 ባለው አስቀምጡ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይተልቃል። ይህ አሠራር ብዙ እንቅስቃሴ ሲኖር ብዙ ዳታ ይጽፋል፣ ምናሌ ላይ ስትቆሙ ይቆጥባል። ዲስካችሁ ጠባብ ከሆነና መጠኑን አስቀድማችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ሲቢአር (ቢትሬቱን እኩል የሚይዘው) አድርጋችሁ ቢትሬቱን ራሳችሁ ወስኑ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሜጋቢቱን በሰከንድ አባዙና ለ8 አካፍሉ። በ10 ሜጋቢት አንድ ደቂቃ 75 ሜጋባይት፣ አንድ ሰዓት 4.5 ጊጋባይት ይሆናል። በ20 ሜጋቢት ሰዓቱ 9 ጊጋባይት ነው። ለ720 በ30 ፍሬም 10 ሜጋቢት ይበቃል፤ ለ1080 በ60 ከ20 አታውርዱ።

እዚያው ገጽ ላይ ኪፍሬም ኢንተርቫል የሚል አለ፤ ኪፍሬም ማለት ሙሉ ሆኖ የሚቀመጥ ምስል ነው። 2 ሰከንድ አድርጉት። ኦቶ ላይ ሲተው ኤክስ264 ሙሉ ምስል የሚያስቀምጠው እስከ 250 ፍሬም ተራርቆ ሊሆን ይችላል፤ በ30 ፍሬም ይህ ከ8 ሰከንድ ይበልጣል። ኋላ ሳትጨምቁ ለመቁረጥ ስትሞክሩ ከፈለጋችሁት ቦታ ብዙ ሰከንድ ርቆ የሚቆርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ለጅማ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው፦ የፋይሉ ዓይነት። ተራ ኤምፒ4 የፋይሉን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ሲቆም ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ወይም ኮምፒውተሩ ከተዘጋ ማውጫው አይኖርም፤ 5 ጊጋባይት የሚመዝን ግን የማይከፈት ፋይል ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ኤምኬቪ እየሄደ የሚከፈት ሆኖ ስለሚጻፍ መብራቱ እስከሄደበት ሰከንድ ድረስ ያለው ይተርፋል። ስለዚህ ሪከርዲንግ ፎርማትን ኤምኬቪ አድርጉት። ማስተካከያችሁ ኤምፒ4 ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ኦቢኤስ ላይ ፋይል፣ ከዚያ ሪመክስ ሪከርዲንግስ ግቡ፤ ጥራቱን ሳይነካ በሰከንዶች ይቀይረዋል። አድቫንስድ ውስጥ ይህን ራሱ እንዲሠራ ማዘዝም ይቻላል። ከ30.2 ጀምሮ ሃይብሪድ ኤምፒ4 የሚል ምርጫ መጥቷል፤ እሱም መብራት ሲቋረጥ ፋይሉን ለማትረፍ ታስቦ የተሠራ ነው።

ዴስክቶፕ ያለው ሰው አነስተኛ ዩፒኤስ ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቀረጻውን አቁሞ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ያደርሳል። ላፕቶፕ ላይ የምትቀርጹ ቻርጀሩን ሰኩ፤ በባትሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩም ካርዱም ራሳቸውን ስለሚቆጥቡ መብራት ሄዶ በባትሪ የቀጠለው ክፍል ተቆራርጦ ታገኙታላችሁ።

የምትጽፉበት ዲስክም ይታይ። በኤፍኤቲ32 የተዘጋጀ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቀረጻችሁ በየጊዜው 4 ጊጋ ሲሞላ ከቆመ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት።

ድምፅን መለየት

ምስሉ መካከለኛ ሆኖ ድምፁ ጥሩ የሆነ ቪዲዮ ይታያል፤ ድምፁ የተበላሸ ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ይዘጋል። ኦቢኤስ እስከ 6 የድምፅ ትራክ ይቀርጻል። አውትፑት ውስጥ ሪከርዲንግ ላይ ትራክ 1፣ 2 እና 3ን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ኦዲዮ ሚክሰሩ ላይ አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስን ክፈቱና እንዲህ ደልድሉ፦ ትራክ 1 ላይ ሁለቱም፣ ትራክ 2 ላይ የጌሙ ድምፅ ብቻ፣ ትራክ 3 ላይ ማይኩ ብቻ። ትራክ 1ን ቅልቅል ማድረግ ያስፈለገው ተራ ማጫወቻዎች የመጀመሪያውን ትራክ ብቻ ስለሚያሰሙ ነው፤ አለበለዚያ ጓደኛችሁ ፋይሉን ከፍቶ “ድምፅህ የለም” ይላችኋል።

የማይኩን መጠን ስታስተካክሉ ሚክሰሩን እያያችሁ በጌም መሃል እንደምትጮኹት ጩኹ እንጂ በለሆሳስ አትሞክሩት። ስትናገሩ መስመሩ ቢጫው ላይ፣ ማለትም ከ20 እስከ 9 ዴሲቤል ከዜሮ በታች፣ ሲወዛወዝ ልክ ነው። ቀዩን እየነካ ከቆየ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በማንኛውም ማስተካከያ አይመለስም። በማይኩ ፊልተርስ ውስጥ ኖይዝ ሰፕሬሽንን ጨምሩና አርኤንኖይዝ የሚለውን ምረጡ፤ የማራገቢያ ጩኸትን በደንብ ይቀንሳል።

የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን ምንም ፊልተር አያድናችሁም። ሶፍትዌሩ ዝናቡን ለማጥፋት ሲታገል ድምፃችሁንም አብሮ ይበላዋል፤ ከጉድጓድ የሚናገር ሰው ትመስላላችሁ። ትክክለኛው መፍትሔ ጌሙን በዝናብም ቢሆን መቅረጽ፣ ትረካውን ግን ካባራ በኋላ ቪዲዮውን እያያችሁ ለብቻው መቅዳት ነው። ትራኮቹን የለያችሁ ሰዎች ይህን በቀላሉ ታደርጋላችሁ፤ በጌም ባር የቀረጸ ዝናቡን ከጌሙ መለየት አይችልም። ስትቀዱ ማይኩን ወደ አፋችሁ አቅርቡ፣ በብርድ ልብስና በመጋረጃ የተከበበ ጥግ ፈልጉ። ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ድምፁን ያስተጋባል።

ሲበላሽ

ከመጀመሪያው ትልቅ ቀረጻ በፊት ሁለት ደቂቃ ብቻ ቅረጹ፣ ከጌሙ ከባድ ቦታ ላይ። ከዚያ ኦቢኤስ ውስጥ ቪው ወይም ዶክስ ከሚለው ምናሌ ስታትስ የሚለውን ክፈቱ። እዚያ የሚታዩት ሁለት መስመሮች በሽታውን ይለያሉ። በሬንደሪንግ መዘግየት የጠፉ ፍሬሞች ቁጥር ከጨመረ ግራፊክስ ካርዱ በጌሙ ተይዞ ለኦቢኤስ ጊዜ አልሰጠም ማለት ነው፤ የጌሙን ፍሬም 60 ላይ ገድቡት፣ ጥላና ነጸብራቁን ቀንሱ። በኢንኮዲንግ መዘግየት የተዘለሉት ከጨመሩ ደግሞ ጨማቂው አልቻለም፤ ስፋቱን ወይም ፍሬሙን ቀንሱ፣ ኤክስ264 ላይ ከሆናችሁ ፈጣኑን ፕሪሴት ምረጡ። ሁለቱ የተለያየ መድኃኒት ስላላቸው ሳታዩ ቅንብሩን አትነካኩ።

ኦቢኤስ ምስሉን የሚወስደው ሶርስስ ውስጥ ከምትጨምሩት ምንጭ ነው፦ ጌም ካፕቸር ጌሙን ብቻ፣ ዊንዶው ካፕቸር አንዱን መስኮት፣ ዲስፕሌይ ካፕቸር ሙሉ ስክሪኑን ይይዛል። ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ የጌም ካፕቸሩና የጌሙ ግራፊክስ አልተገናኙም። ሁለት ጂፒዩ ባለው ላፕቶፕ ዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ግቡና ኦቢኤስን ጨምሩ። ጌም ካፕቸር የምትጠቀሙ ከሆነ ጌሙ በሚሠራበት ካርድ፣ ብዙ ጊዜ ሃይ ፐርፎርማንስ፣ ላይ አድርጉት። ዲስፕሌይ ካፕቸር የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ስክሪኑን በሚነዳው፣ ብዙ ጊዜ ፓወር ሴቪንግ፣ ላይ። ከቀየራችሁ በኋላ ኦቢኤስን ዘግታችሁ ክፈቱ። አሁንም ጥቁር ከሆነ ኦቢኤስን ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ብላችሁ ሞክሩ። አንዳንድ የኦንላይን ጌሞች የማጭበርበር መከላከያ ደግሞ ጌም ካፕቸርን ያግዳል፤ ያን ጊዜ ወደ ዊንዶው ወይም ዲስፕሌይ ካፕቸር ተሻገሩ፤ ከመከላከያው ጋር አትታገሉ፣ አካውንት ሊያስዘጋ ይችላል።

ዲስካቸው ጠባብ ለሆነ ሰዎች አንድ ነገር እንጨምር። ኦቢኤስ ሪፕሌይ በፈር የሚል አለው፦ ያለፈውን 60 ሰከንድ ብቻ ራም ውስጥ ይይዛል፤ ጎል ሲገባ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ያስቀምጠዋል። በ10 ሜጋቢት 75 ሜጋባይት ራም ብቻ ይወስዳል። ሦስት ሰዓት ቀርጾ ሦስት ደቂቃ ከመፈለግ ይህ በእጅጉ ይሻላል። ሆትኪስ ውስጥ ቁልፍ መመደብን አትርሱ፤ ጌም ውስጥ ሆናችሁ የምታስቀምጡት በእሱ ነው።

ማስተካከያው

ሾትከትን የምንመክረው ቀላል በመሆኑ ነው። በ8 ጊጋባይት ራምና በኢንቴል ግራፊክስ ይሠራል። መጀመሪያ ሴቲንግስ ውስጥ ፕሪቪው ስኬሊንግን 360 አድርጉት፤ የምታዩት ምስል ይደበዝዛል፣ የሚወጣው ቪዲዮ ግን አይነካም። አሁንም ከከበደው ፕሮክሲን አብሩ፤ ትንሽ ግልባጭ ሠርቶ በእሱ ያሠራችኋል፣ መጨረሻ ላይ ከዋናው ያወጣል። መቁረጫው ኤስ ቁልፍ ነው፣ ኤክስ ደግሞ የተመረጠውን ቁራጭ አውጥቶ ክፍተቱን ይዘጋል። በእነዚህ ሁለት ቁልፎች የጌም ቪዲዮ ሥራ አብዛኛው ያልቃል። የማይኩን ትራክ ለማምጣት ክሊፑን በሁለተኛ የድምፅ መስመር ላይ ደግማችሁ አስቀምጡና ፕሮፐርቲስ፣ ኦዲዮ ላይ ትራኩን ቀይሩ። ኬደንላይቭም ነፃና በዚሁ ደረጃ ያለ ነው፤ ብዙ ትራክ ያለውን ፋይል አያያዙ ከሾትከት ይቀልላል፣ መልኩ ግን ለጀማሪ የተጨናነቀ ነው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ከነፃዎቹ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ቀለም ማረሚያውም የባለሙያ ነው። ነገር ግን ማውረጃው ብቻ ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው፣ 16 ጊጋባይት ራምና ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። በ8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፣ ጥቂት ክሊፕ ታስገባላችሁ፣ ከዚያ የግራፊክስ ሜሞሪ ሞልቷል ብሎ ይቆማል። ያን ሁሉ ዳታ ከማቃጠላችሁ በፊት ታስክ ማናጀር ያሳያችሁን አስታውሱ። ሊኑክስ ላይ ያላችሁ ደግሞ ነፃው ኤች.264 የሚባለውን የተለመደ የቪዲዮ አጨማመቅ እንደማይከፍት እወቁ፤ ማለትም ኦቢኤስ የቀረጸውን አያነብላችሁም።

ካፕካት በስልክ የለመደ ሰው ይቀለዋል። አንዳንድ ማስጌጫው ግን ለከፋይ ብቻ ስለሆነ ሠርታችሁ ጨርሳችሁ ኤክስፖርት ላይ ክፈሉ እንዳይላችሁ አስቀድማችሁ ምልክቱን እዩ።

ቪዲዮው ጫፍና ጫፉ ብቻ መቆረጥ ካለበት ሎስለስከት የሚባል ትንሽ ነፃ ሶፍትዌር አለ። እንደገና ስለማይጨምቅ የአንድ ሰዓቱን ፋይል በሰከንዶች ይቆርጣል፤ ጥራቱም አይቀንስም። ከላይ ኪፍሬምን 2 ሰከንድ ያደረጋችሁት ለዚህ ይጠቅማችኋል።

ድምፅ ከምስል ከተለየ፣ በተለይ መጀመሪያው ላይ ገጥሞ መጨረሻው ላይ ከራቀ፣ ምክንያቱ የተለዋዋጭ ፍሬም ቀረጻ ነው። ማስተካከያው ፍሬሙ እኩል ነው ብሎ ይቆጥራል፣ ፋይሉ ግን እኩል አይደለም። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ክፈቱት፣ ቪዲዮ ገጹ ላይ ኮንስታንት ፍሬምሬትን ምረጡና 30 ወይም 60 አድርጋችሁ አውጡት፤ ከዚያ አስገቡት። በኦቢኤስ የቀረጸ ሰው ይህ አይገጥመውም፣ ኦቢኤስ በቋሚ ፍሬም ስለሚጽፍ።

ክራክ የተደረገ ፕሪሚየር ወይም ሌላ የሚከፈልበት ሶፍትዌር በፍላሽ የሚሰጣችሁ አይጠፋም። አጥብቀን የምንለው እንዳትጭኑት ነው። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ አንቲቫይረሱን እንድታጠፉ ነው፤ በዚያ በር የሚገባው ቫይረስ የተቀመጠውን የዩቲዩብና የቴሌግራም አካውንት ይወስዳል። ዓመት የለፋችሁበት ቻናል በአንድ ቀን የሌላ ሰው ይሆናል። ነፃዎቹ ለጌም ቪዲዮ ከበቂ በላይ ናቸው።

የአማርኛ ጽሑፍ

ቪዲዮው ላይ አማርኛ ስትጽፉ ባዶ ሳጥን ከታየ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነፃ አውርዳችሁ ጫኑ፤ ኢብሪማ ደግሞ ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር ይመጣል። ሶፍትዌሩን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ዝርዝሩ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሳጥን ሳይሆን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከወጣ በድሮው፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ገልብጣችኋል፤ በዩኒኮድ ደግማችሁ ጻፉት። ርዕሱን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለምታወጡ፦ ቁቤው በማንኛውም ፎንት ይታያል፤ ሁለቱ መስመር እኩል እንዲመስል ግን የአማርኛውን መጠን ጥቂት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ማውጣትና መጫን

ኤክስፖርት ስታደርጉ ኤች.264፣ ኤምፒ4፣ ድምፅ 48 ኪሎኸርዝ፣ ፍሬሙም ከቀረጻው ጋር አንድ። በ30 የተቀረጸን በ60 ማውጣት ምንም አይጨምርም፣ ፋይሉን ብቻ ያሳብጣል። ዩቲዩብ የሚመክረው ለ720 በ30 ፍሬም 5 ሜጋቢት፣ በ60 ፍሬም 7.5፤ ለ1080 በ30 ፍሬም 8፣ በ60 ፍሬም 12 ነው። የ10 ደቂቃ ቪዲዮ በ5 ሜጋቢት 375 ሜጋባይት፣ በ12 ሜጋቢት 900 ሜጋባይት ይሆናል። የመጫኛ ፍጥነታችሁ 2 ሜጋቢት ከሆነ የመጀመሪያው 25 ደቂቃ፣ ሁለተኛው አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስሉ፤ ብዙ ጊዜ የሌሊቱ ፓኬጅ ያዋጣል።

የጌሙን ሙዚቃ ከሴቲንጉ ዝጉ፣ በተለይ ፊፋና ጂቲኤ ላይ። ዘፈኖቹ ባለቤት ስላላቸው ዩቲዩብ ለይቶ ገቢውን ለእነሱ ሊሰጥ ወይም ቪዲዮውን ሊያግድ ይችላል። አካውንታችሁ በስልክ ካልተረጋገጠ ከ15 ደቂቃ የበለጠ ቪዲዮ አይቀበልም፤ ስለዚህ ረጅሙን ከመጫናችሁ በፊት አረጋግጡ። የመጀመሪያውን ጥሬ ቀረጻ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የወጣውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይታችሁ ድምፁ መግጠሙን እስክታረጋግጡ ድረስ ከዲስኩ አታጥፉ።